የመጨረሻዋ ካርታ ስታስፈራ፦ ጠንካራ እጅ ይዞ መጫወት

ሆልደም ፖከር እያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ይዞ፣ ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም ከሚገለጡት አምስት ካርታዎች ጋር አጣምሮ ምርጡን አምስት የሚሠራበት ጨዋታ ነው። እዚህ ላይ ደካማ እጅ ብዙ አይጎዳም፤ ቶሎ ይጣላል። ያለዎትን ጠራርጎ የሚወስድብዎ እስከ አራተኛዋ ካርታ መሪ ሆኖ ቆይቶ አምስተኛዋ፣ ሪቨር የምትባለው፣ ስትገለጥ ሁለተኛ የሚሆነው እጅ ነው። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ «ይሄን የመሰለ እጅ እንዴት ይጣላል?» እየተባለ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ይከፈልበታል።

ለመለማመድ ገንዘብ አያስፈልግም። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ለሚቀመጥ ሰው ሽምብራ ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 100 ፍሬ። ጥሬ ይሁን፤ የተቆላ ከሆነ ጨዋታው ሳያልቅ ይበላና ሒሳቡ ይዛባል። መሐል የሚከመረውን አሥር አሥር አድርገው ይደርድሩት። የክምሩን ልክ የማያውቅ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ስሌት ሊጠቀምበት አይችልም።

አንድ እጅ እንመልከት። እጅዎ ላይ ሁለት ዘጠኝ አለ፤ አንዱ ዳይመንድ፣ አንዱ አበባ። መጀመሪያ የተገለጡት ሦስቱ የልብ ኪንግ፣ የልብ ዘጠኝና የጦር አራት ናቸው፤ ሦስት ዘጠኝ ሠርተዋል። አራተኛዋ የአበባ ሁለት ሆነች። በዚያን ጊዜ መሐል 30 ሽምብራ ነበር፤ 15 አስያዙ፣ አንድ ሰው ተከተለ፣ ክምሩ 60 ደረሰ። አምስተኛዋ የልብ ሰባት ናት። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ልብ ተሰለፈ።

እጅዎን ወደ ሽምብራው ከመስደድዎ በፊት የሚያሸንፍዎትን ይቁጠሩ። በነዚህ አምስት ካርታዎች ስትሬት (አምስት ተከታታይ ቁጥር) አይሠራም፤ የተደገመ ቁጥር ስለሌለ ፉል ሃውስም (ሦስት አንድ ዓይነት ከጥንድ ጋር) የለም። የሚቀሩት ሁለት ናቸው፦ ሁለት ኪንግ የያዘና ሁለት ልብ ይዞ ፍላሽ (አምስት ባለ አንድ ምልክት ካርታ) የሠራ። ኪንጎቹ የሚጣመሩት በ3 መንገድ ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብሎ ይጨምርብዎት (ካስያዙት በላይ ያስይዝብዎት) ነበር። ያልታዩት ልቦች 10 ናቸው፤ ሁለት ሁለት ሲጣመሩ 45 ጥንድ ይወጣቸዋል። ያልታዩት 45 ካርታዎች በጠቅላላ 990 ጥንድ ስለሚሠሩ፣ በዘፈቀደ የታደለ ሰው ፍላሽ የመያዝ ዕድሉ 4.5 በመቶ ነው።

ግን እስከ ሪቨር የቆየ ሰው በዘፈቀደ አልቆየም። ገና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች ሁለት ልብ እያየ፣ ሲያስይዙበት ዝም ብሎ እየተከተለ ከመጣ፣ ሦስተኛዋን ልብ ሲጠብቅ የነበረ ሰው መንገድ ይሄው ነው። መጀመሪያ አንድ ልብ ብቻ ተገልጦ ሁለቱ ኋላ በተከታታይ ቢመጡ ኖሮ ፍርሃቱ በጣም ይቀንሳል፤ መጀመሪያ ላይ የተከተለው በሌላ ምክንያት ይሆናልና።

አሁን ሰውየው ካሳለፈና (ምንም ሳያስይዝ ተራውን ከለቀቀና) ተራው የእርስዎ ከሆነ ያስይዙ፤ ልኩ ግን ከ20 እስከ 25 ይሁን። 60 ቢያስይዙ ኪንግ ከኤስ ጋር የያዘው ይጥላል፣ ፍላሽ የያዘው ይከተላል፤ የሚከፍሉዎት የሚያሸንፉዎት ብቻ ይሆናሉ። 20 ሲሆን ግን አንድ ኪንግ የያዘውም፣ ሁለት ጥንድ የሠራውም «ልየው» ብሎ ይከፍላል። መመዘኛው ይሄ ነው፦ ከሚከተሉዎት እጆች ከግማሽ በላዩን ማሸነፍ አለብዎት። ያን ያህል የሚከፍል ደካማ እጅ ካልታየዎት፣ አሳልፈው ካርታዎን ይግለጡ።

20 አስይዘው ወደ 80 ቢያደርስብዎ ተጨማሪ 60 ይጠየቃሉ። መሐል 160 አለ፤ ከከፈሉ 220 ይሆናል፤ ስለዚህ ከመቶ ቢያንስ 27 ጊዜ ማሸነፍ አለብዎት። ሲከተል ብቻ የቆየ ሰው ሦስተኛ ልብ በወጣችበት ካርታ ላይ ሲጨምር ያን ያህል ጊዜ አይዋሽም። ይጣሉት። ሦስት ዘጠኝ መጣል ያማል፤ ግን የሚጣልበት ቦታ ይሄ ነው።

እሱ ቀድሞ ካስያዘ ዋጋውን ያስሉ። 60 ላይ 20 ካስያዘ 20 በመቶ፣ 30 ካስያዘ 25፣ 60 ካስያዘ ከ33 በላይ ማሸነፍ ይጠበቅብዎታል። ዋጋው ከተስማማዎት ይከተሉ እንጂ አይጨምሩ፤ ሲጨምሩ ከእርስዎ የሚያንሰው ይሸሻል፣ የሚበልጠው ይቀራል። የመጀመሪያው ተራ የእርስዎ ሲሆን በሰውየው ጠባይ ይወስኑ። ሁሉን የሚከተል፣ ራሱ ግን የማያስይዝ ከሆነ 20 ያስይዙ። እጁ የማያርፍለት ከሆነ ያሳልፉና ሲያስይዝ ይከተሉት።

ለምን ይሄን ያህል ቁጠባ? መልሱ አራተኛዋ ካርታ ላይ ነው። ያኔ ሁለት ልብ ይዞ 15 ሲከፍል 25 በመቶ ዕድል ያስፈልገው ነበር። 9 ልብ ይቀረዋል እንበል፤ የልብ አራትና የልብ ሁለት ግን ለእርስዎ ፉል ሃውስ ይሠሩልዎታል። የሚጠቅሙት 7 ናቸው፤ ከ44 ካርታ 7፣ ማለትም 16 በመቶ ገደማ። ስለዚህ ሲከተል ተሳስቷል፣ እርስዎም በትክክል አስይዘዋል። 5 ብቻ ቢያስይዙ ኖሮ 12.5 በመቶ ይበቃው ነበር፤ መከተሉ ትክክል ይሆንለት ነበር። ነገሩ ግን እዚህ አያበቃም። ልቧ በመጣች ቁጥር ሪቨር ላይ በግምት 34 ሽምብራ ከከፈሉት፣ ያ ስህተቱ ይካካስለታል፤ ከዚያ በላይ የከፈሉት ሁሉ ትርፉ ነው። 20 አስይዞ ሲጨመርብዎ መጣል ከዚህ መስመር በታች ያቆይዎታል።

ጠረጴዛው ላይ አራት ልብ ከተሰለፈ ሌላ ጨዋታ ነው። አንድ ልብ ብቻ የያዘ ሁሉ ፍላሽ አለው፤ እርስዎ ከሌለዎት በዘፈቀደ የታደለ ሰው እንኳ 36 በመቶ ዕድል አለው። እንደ 6፣ 7፣ 8፣ 9 ያሉ አራት ተከታታይ ቁጥሮች ሲወጡም አምስት ወይም አሥር የያዘ ስትሬት ሠርቷል፤ ወደ 33 በመቶ ነው። በሁለቱም ጊዜ ሦስት ዘጠኝ ያሳልፋል፤ ትልቅ ከተያዘበት ይጣላል።

ድምፅ ሳታሰማ የምትጎዳም ካርታ አለች። ሰባትና ስድስት ይዘው ሰባት፣ ስድስት፣ ሁለት፣ ኩዊን ወጥቶ ሪቨር ላይ ሌላ ኩዊን ብትመጣ፣ ስድስትዎ ጥንድነቷ አይቆጠርም። ሁለት ኪንግ የያዘው ከኋላ የነበረ ሰው አሁን ቀደመዎት።

ሰውየውንም ይዩ። ሦስተኛዋ ልብ ስትገለጥ ካርታውን ከፍ አድርጎ የሚያይ ብዙ ጊዜ አንድ ልብ እንዳለው የሚያጣራ ነው፤ ሁለት ልብ የያዘማ ያውቃቸዋል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሳ ግን ይህ ምልክት አይታመንም፤ ሁሉም ሰው ካርታው እንዳይገለበጥ እየነካካ ያስተካክላል። ገና ካርታ ሲታደል በያንዳንዱ ሰው እጅ ላይ ጠፍጣፋ ጠጠር ይጫን። ከዚያ በኋላ ጠጠሩን ያነሳ ሰው ያነሳው ካርታውን ለማየት ነው።