የሊቲየም አዮን አስተላላፊ ሴራሚክ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ተመራማሪዎቹ ሙሩጋን፣ ታንጋዱራይና ቬፕነር እ.ኤ.አ. በ2007 ለጠጣር ባትሪ የሚሆነውን ሴራሚክ፣ ሊቲየም ላንታነም ዚርኮኒየም ኦክሳይድን (በአጭሩ ኤልኤልዚኦ)፣ ሲያስተዋውቁ በክፍል ሙቀት የለኩት አስተላላፊነት 3×10⁻⁴ ሲመንስ በሴንቲሜትር ገደማ ነበር። ክሪስታሉ ኩቢክ (ጎኖቹ ሁሉ እኩል) መሆኑ ቀርቶ ቴትራጎናል (አንዱ ጎን ከሌሎቹ የተለየ) ሆኖ ሲወጣ ግን ቁጥሩ ወደ 10⁻⁶ ይወርዳል። ወረቀት ላይ የተጻፈው ቀመር በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው። ከምድጃ የወጣው ነገር ግን የተመዘነው ላይሆን ይችላል፤ ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ከመርሳት ነው።

ላንታነም ኦክሳይድን ሳያደርቁ መመዘን

ይህ ዱቄት ከአየር እርጥበት እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ሃይድሮክሳይድ ይለወጣል። ሁለቱም ነጭ ስለሆኑ በዓይን አይለዩም። ሙሉ በሙሉ ከተለወጠ፣ 100 ግራም ብለው በመዘኑት ውስጥ ያለው ኦክሳይድ 86 ግራም ገደማ ብቻ ነው። 900 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ አግለው ያድርቁት፤ እንደበረደም ሳይውል ሳያድር ይመዝኑት።

ትርፍ ሊቲየምን በልማድ መጨመር

ሊቲየም በሲንተሪንግ (ዱቄቱን ሳያቀልጡ በሙቀት በማያያዝ) ጊዜ፣ ማለትም ከ1,100 ዲግሪ በላይ፣ ይተናል። ለማካካስ ሁሉም ሰው 10 በመቶ ይጨምራል፤ ለምን 10 እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የሚጠፋው መጠን በናሙናው ውፍረት፣ በቆይታው ጊዜና ዕቃው በመከደኑ ይወሰናል። ሊቲየሙ ከጎደለ ላንታነም ዚርኮኔት የተባለ ሌላ ውህድ ይፈጠራል፤ እሱ ደግሞ ለሊቲየም መንገድ አይሰጥም። ከበዛ ትርፉ በቅንጣቶቹ መካከል ይቀራል።

ናሙናውን በራሱ ዓይነት ዱቄት ቀብሮ መክደን ትነቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ከዚያም በኤክስሬይ ዲፍራክሽን (የክሪስታሉን ዓይነት በሚለይ የጨረር ምርመራ) ሲመረምሩ ላዩን ብቻ አይመልከቱ። ጨረሩ ብዙ ዘልቆ አይገባም፤ ሊቲየም ቀድሞ የሚጠፋው ደግሞ ከላይ ነው። መጀመሪያ ገጹን፣ ቀጥሎ ናሙናውን ሰብረው የፈጩትን ውስጡን ለየብቻ ይለኩ። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ችግሩ ያለው ምድጃው ላይ እንጂ ቅልቅሉ ላይ ላይሆን ይችላል።

ክሩሲብሉን እንደ ባዶ ዕቃ መቁጠር

በእኔ ግምት ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስተው ይህ ነው። ክሩሲብል ናሙናው ምድጃ ውስጥ የሚገባበት ዕቃ ነው፤ ከአሉሚና (አሉሚኒየም ኦክሳይድ) የተሠራ ከሆነ በከፍተኛ ሙቀት አሉሚናው ከሊቲየሙ ጋር ይዋሃዳል፤ አሉሚኒየምም ወደ ናሙናው ይገባል። አንድ የአሉሚኒየም አዮን የሦስት ሊቲየም ቦታ ይተካል፤ በዚህም የሚፈጠረው ባዶ ቦታ ኩቢኩን ቅርጽ በክፍል ሙቀት ያጸናዋል። ጋይገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን ሚናውን አሳይተዋል። ሳይታሰብ የገባ ነገር ጠቀመ ማለት ነው፤ ነገር ግን ምን ያህል እንደገባ ካልታወቀ ሥራውን መድገም አይቻልም። ኩቢኩን በታንታለም ለማጽናት ካሰቡ ማግኒዢየም ኦክሳይድ ክሩሲብል ይጠቀሙ፤ አለዚያ የታንታለሙና የአሉሚኒየሙ ሥራ ይደባለቅብዎታል።

እፍጋት ከጨመረ ሁሉም ተሻሻለ ማለት

ለኤልኤልዚኦ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ በሙቀት ላይ ጫና ሲታከልበት ከ95 በመቶ በላይ እፍጋት ይገኛል። በሌላው አስተላላፊ ሴራሚክ፣ በሊቲየም አሉሚኒየም ቲታኒየም ፎስፌት ላይ ግን ይጠንቀቁ። ይህ ክሪስታል ሲሞቅና ሲበርድ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይሰፋም፣ እኩልም አይኮማተርም። ስለዚህ ቅንጣቶቹ እጅግ ካደጉ ሲበርድ ጥቃቅን ስንጥቆች ይፈጠራሉ። እፍጋቱ ጥሩ ሆኖ አስተላላፊነቱ ከወረደ በማይክሮስኮፕ ስንጥቅ ይፈልጉ።

አንድ ቁጥር ብቻ ማቅረብ

ሊቲየም ላንታነም ቲታኒየም ኦክሳይድ የተባለው ሌላ አስተላላፊ በቅንጣቱ ውስጥ 10⁻³ ሲመንስ በሴንቲሜትር ያስተላልፋል፤ የቅንጣቶቹ ወሰን ሲታከልበት ጠቅላላው 10⁻⁵ አካባቢ ሊወርድ ይችላል። የትኛውን እንደዘገቡ ካልገለጹ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 1 ሚሊሜትር ውፍረትና 1 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ናሙና 200 ኦም ቢያሳይ 5×10⁻⁴ ሲመንስ በሴንቲሜትር ይሆናል። አስቸጋሪው ኢምፒዳንሱን (ለተለዋዋጭ ጅረት ያለውን ተቃውሞ) የቅንጣቱና የወሰኑ ብሎ መነጠል ነው። ጥሩ ኤልኤልዚኦ በክፍል ሙቀት የቅንጣቱን ቅስት (በኢምፒዳንስ ግራፉ ላይ የሚታየውን ግማሽ ክብ) የሚያሳየው ከ10 ሜጋኸርትዝ በላይ ነው፤ መሣሪያዎ 1 ሜጋኸርትዝ ላይ የሚቆም ከሆነ ያ ቅስት አይታይዎትም። ናሙናውን ከዜሮ በታች ሲያቀዘቅዙት ግን ቅስቱ ወደሚለካው ክልል ይወርዳል።

ተሠርቶ ያለቀውን አየር ላይ ማስቀመጥ

ኤልኤልዚኦ እርጥበት ሲያገኝ ሊቲየሙን በፕሮቶን ይለውጣል፤ የወጣው ሊቲየም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ላዩ ላይ ሊቲየም ካርቦኔት ይሆናል። ቀጭን ሽፋን ቢሆንም የባትሪው ኤሌክትሮድ የሚሆነው የሊቲየም ብረት እንዳይጣበቅ ስለሚያደርግ የመገናኛው ተቃውሞ ይንራል። በውሃ አይሞርዱት፣ እፍጋቱንም በውሃ ሳይሆን በኢታኖል ይለኩ። ሽፋኑ አስቀድሞ ከተፈጠረ ደረቅ ሙረዳ ወይም በአርጎን ውስጥ እስከ 500 ዲግሪ ማሞቅ ያነሳዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ናሙናው በአርጎን ጋዝ ከተሞላ ዝግ ሳጥን አይውጣ።