አሮጌ ሞተር ቤት ውስጥ ስትፈቱ እኔ ያጠፋሁትን አታጥፉ

የአባቴ ሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር ሳይክል ጓዳ ውስጥ ማዳበሪያ ለብሶ ስድስት ዓመት ቆሟል። «ራሴ እሠራዋለሁ» ብዬ ፈታሁት። ገጠምኩት። ከዚያ እንደገና ፈታሁት። በትክክል የሠራው ሦስተኛው ላይ ነው። በመሀል ያበላሸሁትን ልንገራችሁ፣ እናንተ አንዴ ብቻ እንድትፈቱ።

የመጀመሪያው ጥፋቴ መፍታቱ ራሱ ነበር። ጭስ ስላየሁ ብቻ የሲሊንደሩን የላይ ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አነሳሁ። ጭሱ ምን ዓይነት እንደሆነ ግን ልብ አላልኩም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው፤ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። የእኔ ጥቁር ነበር። የምኖርባት ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ታች ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው። ስለዚህ ለቆላ አገር የተለካ የካርቡራቶሬ ጄት፣ ማለትም ቤንዚን የሚያሳልፈው ቀዳዳ፣ እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ እሳት የሚሰጠው ካንዴላም ጥቀርሻ ይለብሳል። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት የሚያሳየው የኮምፕሬሽን መለኪያም እንዲሁ ያሳስታል። መጽሐፉ 12 ካለ እዚህ ጤነኛ ሞተር 10 ገደማ ሊያሳያችሁ ይችላል። እኔ ይህን ሳላውቅ «ፋሻው አልቋል» ብዬ ደህናውን ፋሻ፣ ፒስተኑን የሚከብበውን ቀለበት፣ ወርውሬያለሁ። ጥርጣሬ ካላችሁ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ዘሎ ከጨመረ ችግሩ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ጋ ነው። ካልጨመረ ቫልቩን ተመልከቱ።

ቀጥሎ ያለው የካቻቢቴ ጉዳይ ነው። ቀላል ይመስላል፣ እኔን ግን ሁለት ቀን አስቀምጦኛል። በድሮ የጃፓን ሞተሮች የጎን ክዳን ላይ ያሉት የመስቀል ብሎኖች፣ ሱቅ የምናገኘው ተራ የመስቀል ካቻቢቴ በደንብ አይገባላቸውም። ጫፉ እስከ ታች አይደርስም፣ ጠንከር አድርጋችሁ ስትጠመዝዙ ወጥቶ ይሾልክና የብሎኑን ራስ ይልጠዋል። አራት ብሎን ላጥኩ። ዓባይ ማዶ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ተሸክሜ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይህን ምን ላድርገው?»

አየና ሳቀ። ልኩ የሆነ ካቻቢቴ አወጣ፣ ብሎኑ ላይ ቀጥ አድርጎ አቆመና በመዶሻ ሁለቴ መታው። «መጀመሪያ አስደንግጠው፣ ልጄ» አለኝ። ከዚያ ዞረለት። የተላጡትን ግን እሱም በመሮ ነው ያወጣቸው።

ዕቃ ሳይለዩ መፍታት ሌላው ነው። ስልክ አላችሁ፣ ፎቶ አንሱ። የእንቁላል ካርቶን ብሎን ለመለየት ከምንም ይሻላል። ቫልቭ የሚገፉት ሁለቱ ረጃጅም ዘንጎች የትኛው ከየት እንደወጣ ምልክት አድርጉበት። ከዚህ በላይ አላወራም።

አሁን ወደሚያሳፍረው። የፒስተኑን ፒን በግራና በቀኝ የምትይዝ ትንሽ የሽቦ ቀለበት አለች። በፒንሳ ስትይዟት ትስፈነጠራለች። ሲሊንደሩ ሲነሳ ደግሞ የሞተሩ አፍ ልክ ከታች ተከፍቶ ይጠብቃታል። የእኔዋ ስትገባ ድምፅዋን ሰማሁ፤ ጭል አለች። በባትሪ መብራት አየሁ፣ የለችም። የተበላሸ ስፒከር ማግኔት ሽቦ ላይ አስሬ እስከ እኩለ ሌሊት ጣና ላይ ዓሣ እንደሚያጠምድ ሰው ተቀምጬ ጎረጎርኩ። ወጣች። ይህ ሁሉ የሚቀረው ንጹሕ ጨርቅ አፉ ላይ በመወተፍ ነው፣ በቃ። ሌላም አለ፤ የወጣችውን ቀለበት መልሳችሁ አትግጠሙ። አንዴ የተጣመመች ቀለበት ሞተሩ እየሄደ ልትወጣና ሲሊንደሩን ልታርሰው ትችላለች።

ዕቃውን ሐይቅ ዳር ወስዶ ማጠብ የብዙ ሰው ልማድ ነው። ተዉት። በአሸዋ የተፈተገ ብረት ጥጋጥጉ ውስጥ የሚቀረው አሸዋ በኋላ ዘይት ውስጥ ገብቶ ኩሽኔታ ይበላል። ጣናስ ቢሆን እምቦጩ አነሰውና ነው የተቃጠለ ዘይት የምንጨምርለት? ቤት ውስጥ በናፍጣና በብሩሽ እጠቡ። በቤንዚን አይሆንም። እማዬ በረንዳው ላይ ከሰል አያይዛ ቡና ልትቆላ ስትል እኔ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ በሳፋ ቤንዚን ይዤ ተቀምጬ ነበር። የጮኸችብኝን ጩኸት ጎረቤት እስካሁን ያነሳዋል።

ሲሊንደሩን ሳይለኩ አዲስ ፋሻ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። የዚህ ሞተር ሲሊንደር አዲስ ሲሆን ስፋቱ 56.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሲያልቅ እኩል አያልቅም፣ ከላይ በኩል ይሰፋል፣ ሞላላም ይሆናል። ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡ፣ በፒስተኑ ራስ ገፋ አድርጋችሁ አስተካክሉት፣ ከዚያ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ፣ በስስ የብረት ቅጠል መለኪያ፣ ለኩ። አዲስ ፋሻ ከ0.15 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። በጣም ከሰፋ ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይሰፋል፣ ፒስተኑም ከነፋሻው በ0.25 ወይም በ0.50 የሚበልጥ ይገዛለታል። ፒስተኑን መጀመሪያ ግዙና ይዛችሁ ሂዱ። ሲሊንደሩ የሚሰፋው በፒስተኑ ልክ ነው፤ ፒስተን በኋላ ለሲሊንደር አይፈለግም።

ሰው ሁሉ የሚረሳው የዘይት ማጣሪያውን ነው። ሲጂ 125 በ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. የተሠራው ዘይት በሰዓቱ ለማይቀይር ሰው ታስቦ ነው፤ የሆንዳ መሐንዲሶች ሞተሩ በየአገሩ እንዴት እንደሚነዳ ካዩ በኋላ ቴስታታ ላይ በሰንሰለት የሚዞረውን፣ ቫልቭ የሚያስከፍተውን ካም ትተው ወደ ታች አወረዱት። እኛን ያዩ ነው የሚመስለው። የወረቀት ፊልትሮም የለውም። በቀኝ በኩል ክዳኑ ሥር፣ ከሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ከክራንኩ ጋር እየዞረ ቆሻሻውን ወደ ዳር የሚወረውር ክብ ዕቃ አለ። እኔ በመጀመሪያው ዙር አልከፈትኩትም። ስከፍተው የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር ግድግዳው ላይ ጣት በሚያህል ውፍረት ተጋግሮ ነበር። በማንኪያ ነው የጠረግሁት።

ስትገጥሙ ሲሊኮን አታብዙ። በሁለት ብረት መካከል ከሚገባው ጓርኒሲዮን ወደ ውስጥ የሚተርፈው ተቆርሶ ዘይት ማለፊያ ይዘጋል። የቴስታታውን አራት ዳዶዎች በመስቀል፣ ሁለት ሦስት ዙር እያላችሁ አጥብቁ። የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቶርክ ሬንች ተዋሱ፤ «እጄ ያውቃል» የሚል ሰው የአሉሚኒየም ጥርስ ሲያወጣ ዓይቻለሁ። ዘይቱም የሞተር ሳይክል ይሁን። ፍሪሲዮኑ የሚሠራው ያው ዘይት ውስጥ ስለሆነ አንዳንዱ የመኪና ዘይት ያንሸራትተዋል።

ከተነሳ በኋላ ግቢ ውስጥ አቁሞ ሙሉ ቀን ማንኳኳት ፋሻውን አያስተካክለውም፣ ሲሊንደሩን ያለሰልሰዋል እንጂ። አውጡት። በዓባይ ድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ሐሙሲት ውጡ። መንገዱ ሜዳ ነውና በአንድ ፍጥነት መሄድ ያስጎመጃል፣ እሱን አታድርጉ። ጋዙን ጨመር፣ መልሶ ለቀቅ እያደረጋችሁ ንዱ። መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ የመጀመሪያውን ዘይት ድፉት፤ ብልጭ ብልጭ የሚል የብረት ብናኝ ታያላችሁ፣ አትደንግጡ።

ማታ ስመለስ ሁሉም ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ዳዶዎቹን ሳያቸው ሩብ ዙር ያህል ዞሩ። 0.08 ሚሊ ሜትር አድርጌ የተውኩት የቫልቭ ክፍተትም ጠብቧል፣ ፊለር ጌጁ አልገባ አለኝ። ጓርኒሲዮኑ ተጨፍልቆ ቴስታታው ወረድ ብሏል ማለት ነው። የቫልቩን ማስተካከያ አላልቼ እንደገና ለካሁ፣ ክዳኑን መለስኩ፣ አንዴ ረገጥኩት።