የቁልፍ ምልክቷ ከታየች በኋላ የሚወጡ ስህተቶች

ሰርቨር ላይ ኤችቲቲፒኤስ (ጎብኚውና ድረ ገጹ የሚለዋወጡትን የሚመሰጥር አሠራር) መትከል ዛሬ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሰርትቦትን የመሰለ ፕሮግራም አንድ ትእዛዝ ይቀበልና ሰርተፍኬቱን፣ ማለትም የድረ ገጹን ማንነት የሚያረጋግጠውን ፋይል፣ ራሱ ያመጣል፤ ክፍያም የለውም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ ቅለት ነው። የቁልፍ ምልክቷ ብሮውዘሩ ላይ ብቅ ስትል ባለሙያው ሥራው አለቀ ብሎ ይነሣል። የሚከተሉት ስህተቶች ግን አብዛኞቹ በዚያ ዕለት አይታዩም፤ ወይ ከወራት በኋላ፣ ወይ በሌላ ሰው ስልክ ላይ ነው የሚወጡት።

ብዙ ሰው የሚጥለው እድሳት ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ነጻ ሰርተፍኬት ሰጪ የሚያወጣው መደበኛ ሰርተፍኬት የሚያገለግለው 90 ቀን ብቻ ነው። በገንዘብ የሚገዙትም ዕድሜያቸው እያጠረ ነው፤ ሰርተፍኬት ሰጪዎችና የብሮውዘር አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2025 በደረሱበት ስምምነት መሠረት ከፍተኛው ዕድሜ በ2029 ወደ 47 ቀን ይወርዳል። በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጎ በእጅ ማደስ እንግዲህ የሚያዛልቅ አሠራር አይደለም። ሌትስ ኢንክሪፕት ቀድሞ ይልከው የነበረውን የማስታወሻ ኢሜይልም በሰኔ 2025 አቁሟል።

እድሳቱን አውቶማቲክ ያደረገም ሰው ቢሆን ከወጥመድ አያመልጥም። እኔ አንድ ጊዜ ሰርተፍኬቱ በሰዓቱ ታድሶ፣ መዝገቡም «ተሳክቷል» እያለ፣ ጎብኚዎች ግን «ጊዜው አልፎበታል» የሚል ማስጠንቀቂያ ሲያዩ ደርሶብኛል። ፋይሉን አገላብጬ ባየው እንከን የለውም። ለካ ድረ ገጹን ለጎብኚዎች የሚያቀርበው ፕሮግራም ኤንጂንኤክስ ሥራ ሲጀምር ያነበበውን አሮጌ ሰርተፍኬት በማህደረ ትውስታ ይዞ ቀጥሏል፤ አዲሱን እንዲያነብ የነገረው አልነበረም። ከእያንዳንዱ እድሳት በኋላ ሰርቨሩ ውቅሩን መልሶ እንዲያነብ የሚያዝዝ መስመር ማስገባት በቂ ነበር። ክትትልም ካደረጉ ዲስክ ላይ ያለውን ፋይል ሳይሆን ከውጭ ሲገናኙ የሚቀርበውን ሰርተፍኬት ይመልከቱ።

ፖርት 80ን፣ ማለትም ያልተመሰጠረ ግንኙነት የሚገባበትን የሰርቨሩን በር፣ ጨርሶ መዝጋት ደግሞ ለጥንቃቄ ሲባል የሚሠራ ስህተት ነው። ሰርተፍኬት ሰጪው ዶሜይኑ የእርስዎ መሆኑን በተለመደው መንገድ የሚያረጋግጠው በዚሁ ፖርት ገብቶ ነው። ፖርቱ ከተዘጋ የመጀመሪያው እድሳት ይከሽፋል። ክፍት ይተዉትና የመጣውን ሁሉ በ301 (በቋሚ የማዛወሪያ መልስ) የተመሰጠረው ግንኙነት ወደሚገባበት ፖርት 443 ያዛውሩበት፤ ሌላ ሥራ አይስጡት።

«እኔ ጋር ይሠራል፣ እነሱ ጋር አይሠራም» የሚል ክርክር ከተነሣ የሰርተፍኬቱን ሰንሰለት ይጠርጥሩ። ሰርቨሩ የራሱን ሰርተፍኬት ብቻ ሳይሆን መካከለኛውንም፣ ማለትም ያንን ሰርተፍኬት ብሮውዘሮች ከሚያምኑት ዋና ሰርተፍኬት ጋር የሚያገናኘውን፣ አብሮ ማቅረብ አለበት። የዴስክቶፕ ብሮውዘሮች ብዙ ጊዜ የጎደለውን ራሳቸው ፈልገው ስለሚሞሉት ጉድለቱ ይሸፈናል፤ የስልክ መተግበሪያዎችና ሌሎች ሰርቨሮች ግን ግንኙነቱን ይቆርጡታል። ሰርትቦት ካዘጋጃቸው ፋይሎች መካከል ሙሉውን ሰንሰለት የያዘውን መምረጥ ነው መፍትሔው።

የግል ቁልፉን (የሰርተፍኬቱን ምስጢራዊ ጥንድ) ከኮዱ ጋር የለውጦችን ታሪክ በሚይዘው ፕሮግራም በጊት ውስጥ የሚያስገቡም አሉ። በኋላ ፋይሉን ቢሰርዙትም በታሪኩ ውስጥ ይኖራል፤ ስለዚህ የወጣ ቁልፍ እንደ ተሰረቀ ይቆጠራል፣ ሰርተፍኬቱ ተሰርዞ በአዲስ ቁልፍ ሌላ ይወጣል። ፋይሉን ከሩት (ከሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ) በቀር ማንም እንዳያነበው ማድረግም አይዘንጋ።

ኤችቲቲፒኤስ የሚመሰጥርበትን የቲኤልኤስ ፕሮቶኮል የቆዩ ስሪቶች «ለአሮጌ መሣሪያዎች» ብሎ ክፍት መተው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። 1.0 እና 1.1 ከ2021 ጀምሮ በይፋ ተሽረዋል። 1.2 እና 1.3 ይበቃሉ።

ኤችኤስቲኤስን ግን በዝግታ ይያዙት። ይህ መመሪያ ብሮውዘሩን «ወደዚህ ድረ ገጽ ሳይመሰጠር እንዳትሄድ» ብሎ ያዝዘዋል፤ ትእዛዙም በጎብኚው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ገና ከመጀመሪያው የአንድ ዓመት ዕድሜ፣ ማለትም 31536000 ሰከንድ ሰጥተው ንዑስ ዶሜይኖችንም ካካተቱ፣ ኤችቲቲፒኤስ ያልተተከለለት አንድ የተረሳ ንዑስ ዶሜይን ትእዛዙን ለተቀበሉት ሁሉ ይዘጋል። ማስጠንቀቂያውን አልፎ መግባትም አይፈቀድም። በ300 ሰከንድ ይጀምሩ፣ ችግር ካልታየ ወደ ሳምንት፣ ከዚያም ወደ ወራት ያሳድጉት። ብሮውዘሮች ይዘውት በሚመጡት፣ ኤችቲቲፒኤስ ብቻ የሚጠቀሙ ድረ ገጾች ዝርዝር ውስጥ መመዝገብ ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ነው፤ ከዝርዝሩ መውጣት ወራት ይፈጃልና።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ደግሞ በሙከራ ጊዜ ይደርሳል። ውቅሩ እምቢ ሲል ትእዛዙን ደጋግሞ የሚሰጥ ሰው ገደቡን ይነካል፤ ሌትስ ኢንክሪፕት ለተመሳሳይ ስሞች በሰባት ቀን ውስጥ ከአምስት ሰርተፍኬት በላይ አይሰጥም። ለመለማመጃ ተብሎ የተዘጋጀ የተለየ ሰርቨር አለው፤ መጀመሪያ እዚያ ይሞክሩ።

በመጨረሻ፣ ምስጠራ የሚጠብቀው መንገዱን ነው፤ ቤቱን አይደለም። እንዲያውም ሰርተፍኬት ሲወጣ የዶሜይኑ ስም ማንም ሊያነበው በሚችል ይፋዊ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ መዝገቡን የሚከታተሉ ፕሮግራሞችም አሉ። «አድራሻውን ማንም አያውቀውም» ተብሎ የይለፍ ቃል ያልተበጀለት የአስተዳደር ገጽ፣ ሰርተፍኬት ባገኘበት ዕለት አድራሻው ታወቀ ማለት ነው።