የተቆለፈውን የኮምፒውተር ክፍል መክፈት፦ በመንግሥት ትምህርት ቤት የተማሪ መሣሪያዎችን በሥራ ላይ ለማቆየት

ባሕር ዳር ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ሆኜ ስመደብ ከንብረት ክፍል የተረከብኩት አንድ ቁልፍ ብቻ ነበር። የኮምፒውተር ክፍሉ ሳይከፈት ከዓመት በላይ ሆኖታል። «ሁሉም ተበላሽተዋል፤ ጊዜህን አታባክን» ተብዬ ገባሁ። አቧራቸውን አራግፌ አንድ በአንድ ስፈትሻቸው ከግማሽ የሚበልጡት ትንሽ ነገር ብቻ የጎደላቸው ሆነው አገኘኋቸው፦ የላላ ገመድ፣ ከማረፊያው የተንሸራተተ ሚሞሪ፣ ያለቀች የሰዓት ባትሪ። ያበላሹት ተማሪዎች ናቸው ይባል ነበር። እነዚያን ማሽኖች ግን ተማሪ ሳይነካቸው አቧራና እርጥበት ነበር ሲጫወትባቸው የኖረው።

ነገሩ ይበልጥ ያንገበገበኝ በ2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ተሰጠ። ማውስ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት የለፋበትን ትምህርት በማያውቀው መሣሪያ ላይ ሊፈተን ነው። መሣሪያው ደግሞ ከመማሪያ ክፍሉ በሃምሳ እርምጃ ርቀት ላይ ተቆልፎበታል። ከዚህ በታች የምጽፈው ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ አሠራር ነው። መምህር፣ ርዕሰ መምህር ወይም የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አባል ከሆኑ በአንድ ወር ውስጥ ሊጀምሩት ይችላሉ።

1. ካቻቢቴ ከማንሣትዎ በፊት ደብተር ይግዙ

እያንዳንዱ መሣሪያ ቁጥር ይኑረው። በማይለቅ ማርከር በጉልህ ይጻፉበትና ግልጽ ፕላስተር ይለጥፉበት። ያንኑ ቁጥር ቻርጀሩ ላይም ይድገሙት፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው ቻርጀር ነው። ከዚያ በደብተሩ ላይ የፋብሪካ መለያ ቁጥሩን፣ ዓይነቱን፣ ገቢ የሆነበትን የሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ቁጥርና ያለበትን ሁኔታ ይመዝግቡ። ለሁኔታው ሦስት ቃላት ይበቃሉ፦ ይሠራል፣ ይጠገናል፣ ይወገዳል።

«ይወገዳል» ያሉትን ማሽን ግን ብቻዎን አውጥተው እንዳይጥሉ፣ ለመለዋወጫም እንዳይፈቱ። የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ማስወገዱ የራሱ ሥርዓት አለው። ለንብረት ክፍሉ በጽሑፍ አሳውቀው ሲፈቀድልዎት ሚሞሪውን፣ ሃርድ ዲስኩንና የኃይል ሳጥኑን ለሌሎቹ ማዋል ይችላሉ። ሦስት የሞቱ ማሽኖች ብዙ ጊዜ ሁለት ሕያው ማሽኖችን ይወልዳሉ።

ሁለተኛው ደብተር የዕለት ነው። ማን ወሰደ፣ ስንት ቁጥር ወሰደ፣ ሲወስድ ምን ይመስል ነበር፣ ሲመልስስ? ተማሪው ራሱ ይጻፍ፣ ራሱ ይፈርም። ይህን ማድረግ ከጀመርን በኋላ «እኔ ስቀመጥ እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሁት» የሚለው ክርክር ቀረ ማለት ይቻላል።

2. መብራቱን ይወቁ

የግድግዳ ሶኬታችን 220 ቮልት ይሰጣል፤ መስጠት በሚገባው ጊዜ ሁሉ ማለቴ ግን አይደለም። ለማሽን መብራት ከሚጠፋበት ቅጽበት ይልቅ ተመልሶ የሚመጣበት ቅጽበት ያሰጋል፤ ኃይሉ ሲመለስ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላልና። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ የክፍሉን ማብሪያ ማጥፊያ ያጥፉ፤ ተመልሶ ሲመጣ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይተው ይክፈቱ። ተማሪዎቹ ይጣደፋሉ። እርስዎ ግን አይጣደፉ።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ የባትሪ ሳጥን) ካለዎት ሥራው ምን እንደሆነ ለተማሪዎቹ ይንገሯቸው። መብራት በሌለበት ትምህርት የሚያስቀጥል መሣሪያ አይደለም። የጻፉትን አስቀምጠው ማሽኑን በሥርዓት እንዲያጠፉ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣቸዋል፤ አለቀ።

ላፕቶፕ ወይም ታብሌት በብዛት የሚሞሉ ከሆነ ሒሳቡን ይሥሩ። ባለ 65 ዋት ሠላሳ ቻርጀሮች በአንድ ጊዜ ሲሰኩ 1,950 ዋት ይሆናሉ፤ ለ220 ሲካፈል ወደ 9 አምፔር ይጠጋል። ባለ 10 አምፔር አንድ ማከፋፈያ እዚህ ላይ ጫፉ ላይ ደርሷል፤ ርካሹ ማከፋፈያ ደግሞ የተጻፈበትን ያህል እንኳ አይችል ይሆናል። በሁለት የተለያዩ መስመሮች ላይ ይክፈሉት፣ ገመዱን ጠቅልለው አይተዉት፣ በእጅዎ ዳስሰው ከሞቀ ግማሹን ይንቀሉ። የማሽኑን ብረት ስትነኩ እጃችሁን ነዘር ካደረጋችሁ የመሬት መስመሩ ችግር አለበት ማለት ነው። ያን ጊዜ ክፍሉ ይዘጋ፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳያየው አይከፈት። በዚህ ጉዳይ ላይ «ምንም አይል» የሚባል ነገር የለም።

3. ሲበላሽ በቅደም ተከተል ይጠይቁ

ከአይሲቲ ክበብ ተማሪዎች ስድስት ወይም ስምንት ይምረጡ፣ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ፤ የመጀመሪያውን ምርመራ እነሱ ያድርጉት። የሚጠይቁት አራት ጥያቄ ነው። ኃይል ይደርሰዋል ወይ? ገመዱ በሁለቱም ጫፍ ጠብቋል ወይ? ያው ችግር በጎረቤቱ ማሽን ላይም አለ ወይ? ትናንት ይሠራ ከነበረ ከትናንት ወዲህ ምን ተለወጠ?

አራተኛው ጥያቄ ወርቅ ነው። አንድ ጠዋት ኢንተርኔቱ ደህና ሆኖ ሳለ አሥር ያህል ማሽኖች ምንም ድረ ገጽ አልከፍት አሉ። ሁሉም ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ። ገመዱን ፈተሽኩ፣ ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፣ ግማሽ ቀን አለፈ። በመጨረሻ አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ትናንት ቀናቸው ተሳስቶ ስለነበር እኔ አስተካክያቸዋለሁ» አለችኝ። ያስተካከለችው በእኛ አቆጣጠር ነበር። ለኮምፒውተሩ 2018 ማለት የፈረንጆቹ 2018 ነው። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ዲጂታል የምስክር ወረቀት ደግሞ የሚጸናበት መነሻና መድረሻ ቀን አለው፤ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ የቆመ ማሽን ሲያየው ገና አልጸናም ብሎ በሩን ይዘጋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ የእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ለማሽኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ልጅቷን አመሰገንኳት፤ ስህተት ቢሆንም ማሽን ደፍራ የነካች ልጅ ናት። አሁን በግድግዳችን ላይ የሁለቱ አቆጣጠር ቀን በየጠዋቱ ጎን ለጎን ይጻፋል።

ቀኑን አስተካክለውት በማግስቱ ወደ አሮጌ ዓመት ከተመለሰ ማዘርቦርዱ (በማሽኑ ውስጥ ያለው ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው ሲአር 2032 የተባለች ክብ የ3 ቮልት ባትሪ አልቃለች። የእጅ ሰዓትና የመኪና ቁልፍ ባትሪ የሚሸጥበት ቦታ ትገኛለች፤ መተካቱም የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ማሽኑ እየጮኸ ምስል ካላወጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሚሞሪው ነው። ገመዱን ይንቀሉ፣ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነው ይያዙ፣ በሰውነትዎ ያለው ኃይል እንዲወጣ የማሽኑን ብረት ይንኩ። ሚሞሪውን አውጥተው ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርገው ያሹ፣ ፍርፋሪውን ያራግፉ፣ ሁለቱም ጫፎቹ ቀጭ እስኪሉ መልሰው ይጫኑት።

«ፍላሼ ላይ ያለው ሁሉ ጠፋ» ብሎ የሚያለቅስ ተማሪ በየሳምንቱ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱ ፋይሎቹን ደብቆ በቦታቸው የውሸት አቋራጭ ምልክት አስቀምጦ ነው። ፍላሹን ፎርማት አያድርጉት፤ አቋራጮቹንም አይክፈቱ። በጸረ ቫይረስ ካጸዱት በኋላ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ሲያዝዙ የልጁ ጽሑፍ ብቅ ይላል።

የአማርኛ ጽሑፍ ነገርም አለ። አንድ መምህር ያዘጋጀው ፈተና ሌላ ማሽን ላይ የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ሆኖ ከተከፈተ፣ የተጻፈው ከዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት ከሚያውቁበት ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ በፊት በነበረው የፊደል አሠራር ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ስለሆነ ዛሬ በአሮጌው መንገድ የምንጽፍበት ምክንያት አይታየኝም። መምህራኑን በዩኒኮድ እንዲጽፉ ያለማምዷቸው። ፊደሉ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ከታየ ግን ማሽኑ የግዕዝ ፎንት የለውም፤ ፎንት መጫን ይበቃዋል።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11ን የማይችሉ አሮጌ ማሽኖች ካሉዎት እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ነጻ ሥርዓት ይጫኑባቸው። ለመጻፍ፣ ለማንበብና ለፈተና ልምምድ ከበቂ በላይ ነው።

4. ክረምቱና ሐይቁ

ከሰኔ እስከ መስከረም የባሕር ዳርን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ይህን ክፍል አይዘለውም። በክፍሉ ጣሪያ ላይ የተበሳ ቆርቆሮ ካለ ኮምፒውተር ከማስገባትዎ በፊት ይድፈኑት። ጠረጴዛዎቹን ከመስኮት ያርቁ፤ የማሽኑ ሳጥን ወለል ላይ አይቀመጥ።

ከዘጌ በጀልባ የሚመላለስ ወይም በሐይቁ ዳር የሚኖር ተማሪ ታብሌቱን ውሃ ቢያስነካው የሚያደርገውን አስቀድመው ያስተምሩት። ወዲያው ያጥፋው። ይሠራ እንደሆነ ለማየት አያብራው፣ ቻርጀር አይሰካበት፣ አያወዛውዘው። ሽፋኑን አውልቆ በደረቅ ጨርቅ ያድርቀው፤ ከዚያ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ዘንበል አድርጎ ቢያንስ ለ48 ሰዓት ይተወው። ሩዝ ወይም ጤፍ ውስጥ መቅበር አይጠቅምም፤ ዱቄቱና ቅንጣቱ መሰኪያው ውስጥ ይገባል። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ባትሪውን ይጎዳል።

5. ኢንተርኔት ባይኖርም

ኢንተርኔት ሳናይ ወራት ያለፉበትን ጊዜ በክልላችን ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ስለዚህ የክፍሉን ሥራ በኢንተርኔት ላይ ብቻ አይመሥርቱት። ኔትወርኩ ባለ ጊዜ ኪዊክስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን፣ በኮሊብሪ ደግሞ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርቶችን አውርደው በአንድ ጠንካራ ማሽን ላይ ያስቀምጡ። ተራ ራውተር ያለ ኢንተርኔትም ማሽኖቹን እርስ በርስ ያገናኛል፤ ተማሪዎቹ ከዚያ ያነብባሉ።

6. ወደ ቤት ሲሄድ

አንዲት እናት የልጃቸውን ታብሌት በነጠላ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። መስተዋቱ ተሰንጥቋል። «ልጄን እንዳታባርሩብኝ፣ ከየትም ብዬ እከፍላለሁ» አሉኝ። «እናቴ፣ ማንም አያባርረውም፤ ይቀመጡ» አልኳቸው፣ ግን አፈርኩ። ልጁ ፈርሞ የወሰደው ወረቀት ላይ «የተበላሸውን ሙሉ ዋጋ ይከፍላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ሌሎች ድሃ ወላጆች ይህንን አንብበው ልጆቻቸው እንዳይዋሱ ከልክለው እንደነበር በኋላ ተረዳሁ።

የስምምነት ወረቀቱን ስታዘጋጁ አደጋን ከቸልተኝነት ለዩ። በአደጋ የተሰበረውን ትምህርት ቤቱ ከድጎማው ወይም ከኅብረቱ ገቢ ያሠራዋል። ተማሪው ያለበት ግዴታ በሁለት ቀን ውስጥ መናገር ነው። ሆን ተብሎ የተበላሸ ወይም የተሸጠ ሲሆን ብቻ ወላጅ ይጠየቃል። ወረቀቱን በቀላል አማርኛ ይጻፉት፣ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፣ አንድ ቅጂ ይስጧቸው። መሣሪያው ሲመለስ ደግሞ የተማሪውን ፎቶና የግል ጽሑፍ ሳታዩ ለእሱ ሰጥታችሁ አጥፉት።

7. ሰኔ ላይ ሲዘጋ

ከፈተና በኋላ ባለው ሳምንት ሁሉንም መሣሪያ በመዝገቡ መሠረት ይሰብስቡ። ላፕቶፖችና ታብሌቶች ግማሽ ያህል ተሞልተው ይጥፉ፤ ባዶ ሆኖ የተቀመጠ ሊቲየም ባትሪ ላይነሣ ይችላል፣ ሞልቶ የተቀመጠውም ቶሎ ያረጃል። ሁሉም ገመድ ከሶኬት ይነቀል። ከወለሉ በአንድ ክንድ ከፍታ፣ ከውጭው ግድግዳ ራቅ ባለ መደርደሪያ ላይ ይደርደሩ፤ በላስቲክ አፍነው ሳይሆን ነፋስ በሚያሳልፍ ጨርቅ ይሸፍኗቸው።

ቁልፉ በሁለት ሰዎች እጅ ይሁን፤ አንዱ ክረምቱን ከተማ የማይለቅ ይሁን። በሐምሌ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ክፍሉን ከፍቶ ጣሪያውን ይመልከት፣ መስኮቱን ያናፍስ፣ ማሽኖቹን ለአንድ ሰዓት ያብራ፣ ባትሪያቸውን ወደ ግማሽ ይመልስ፣ ያየውንም በደብተሩ ላይ ጽፎ ይፈርም። መስከረም ላይ ተማሪ ከመግባቱ በፊት የሁሉንም ማሽን ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ያስተካክሉ።