የመስኖ ፓምፕ ሞተር ያለ ዕድሜው የሚገድሉ ስህተቶች

በጋው ሲገባ ከባሕር ዳር ዙሪያ እስከ ሜጫና ዳንግላ የፓምፕ ድምፅ ይጀምራል። የመካኒክ ቤት ወረፋም አብሮ ይጀምራል። ተጭነው ከሚመጡት ሞተሮች የብዙዎቹ ፒስተንም ፋሻም (የፒስተኑ ቀለበት) ደህና ነው። ያስቸገራቸው ቤንዚን፣ ዘይት ወይም አቧራ ነው። ሞተር ከማስፈታታችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

ቤንዚን እንደያዘ ማክረም። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጥል ፓምፑ ከነቤንዚኑ ጎተራ ጥግ ይቀመጣል። ቤንዚን ግን እንደ አረቄ ሲቆይ አይሻለውም። ቀላል ክፍሉ ይተንና የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይቀራል። ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው የካርቡሬተሩ ጂግለር (የቤንዚን ማሳለፊያው) ቀዳዳ በጣም ጠባብ ስለሆነ ያቺው ትደፍነዋለች። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሞተሩ ቾኩ (የአየር መዝጊያው) ተዘግቶ ይሠራል፣ ሲከፈት ይጠፋል። እንዲህ ካደረገ የካርቡሬተሩን ስኒ ፍቱና ጂግለሩን በካርቡሬተር ማጽጃ እጠቡት። መውጊያ ካስፈለገ ከኤሌክትሪክ ሽቦ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ይበቃል። በመርፌ የጎረጎረ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ከዚያ ሞተሩ ቤንዚን ጠጪ ይሆናል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ክረምት ሳይገባ ታንከሩን ማራገፍ፣ ከዚያም በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ ሞተሩን ማሠራት ነው።

ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን ከሆነ ደግሞ ጥቂት ጊዜ ሳይነካ ይቀመጥ። ውሃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል። ነጭ ጋዝ ከተደባለቀበት ግን በዓይን አይለይም። ቤንዚን በጠፋበት ሰዓት ማን ያማርጣል ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ማጥለል ግን ብር አያስወጣም።

ዘይትን ቁልቁለት ላይ መለካት። ወንዝ ዳር ደልዳላ መሬት አይገኝም። ሞተሩ ዘንበል ካለ መለኪያው ይዋሻል። ባለ 5.5 ፈረስ ጉልበት ሞተር የሚይዘው 0.6 ሊትር ገደማ ዘይት ብቻ ነው፣ ትንሽ ስትጎድል ይጎዳል። ብዙዎቹ ሞተሮች ደግሞ ዘይት ሲያንስ እሳት የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ አላቸው። ዘይቱ ሞልቶም ሞተሩ ካዘነበለ ሊያቋርጥ ይችላል። ሰው ገመዱን ሲጎትት ይውላል፤ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ይገዛል፣ ቀጥሎ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ኮይል ይገዛል። መጀመሪያ ድንጋይ ደግፋችሁ አስተካክሉትና ዘይቱን ለኩ፤ ከዚያ ጎትቱ። ነገሩ የሚያልቀው እዚያው ሊሆን ይችላል።

አዲስ ሞተር የመጀመሪያ ዘይቱ በ20 ሰዓት ይቀየራል፤ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ፣ አቧራ ባለበት ቶሎ ቶሎ። ብዙ ሰው ግን በዓመት አንዴ ነው የሚቀይረው። በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ ፓምፕ 100 ሰዓቱን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይጨርሳል።

የአየር ማጣሪያውን ፊልትሮ አውጥቶ መጣል። «ሞተሩን አፈነው» ይባላል። ፍርዱ የተሳሳተ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከዚያም በላይ። በከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል። ባሕር ዳር ላይ አንድ አምስተኛው ሄደ ማለት ነው። ቤንዚኑም ከአየሩ በላይ ስለሚሆን ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ለዚህ መድኃኒቱ ለከፍታ የተሠራ አነስ ያለ ጂግለር ነው። ፊልትሮ ሲወጣ የሚገባው አቧራ ሲሊንደርና ፋሻ ይበላል፤ ሰማያዊ ጭስ ስታዩ ነገሩ አብቅቷል። ፊልትሮው ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና እጠቡ፣ አድርቁ፣ ትንሽ ንጹሕ ዘይት አስነክታችሁ ጭመቁት። የወረቀት ፊልትሮን ግን መታ መታ አድርጎ ማራገፍ ብቻ ነው።

ፓምፑ ውስጥ ውሃ ሳይሞሉ ማስነሳት። ፓምፑ በደረቁ ሲሽከረከር ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገው ሲል በደቂቃዎች ይቃጠላል። አንድ ጆግ ውሃ ከሲል ይረክሳል።

ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ ማውረድ። ይኼኛው ሰው ይገድላል። ፓምፑ ላይ «8 ሜትር ይስባል» ተብሎ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው። ውሃውን የሚገፋው የአየር ግፊት ስለሆነ ጎጃም ደጋ ላይ ከዚህ 2 ሜትር ገደማ ይቀነሳል። የመሳቢያ ቱቦው አየር ካስገባ ደግሞ ይብሳል። ውሃው ሲርቅ ታዲያ ሞተሩን በገመድ ጉድጓድ የሚያወርድ አለ። ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጉድጓድ ውስጥ ይታፈናል፣ ሰው ሳያውቀው ራሱን ይስታል። አንድ ሰው ከወደቀ ሌላው ተከትሎ አይውረድ። ውሃው ከ6 ሜትር በታች ከሆነ የሚያዋጣው ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ የኤሌክትሪክ ወይም የሶላር ፓምፕ ነው። የቤንዚኑ ሞተር ከላይ፣ ሜዳ ላይ ይቅር።