ሳይንስና ሃይማኖት ሲነሱ ሳይጣሉ ለመከራከር

ከአጎቴ ጋር በምድር ዕድሜ ተጣልተን ሁለት ወር ተኳርፈናል። እኔ ወደ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ነው አልኩ፣ እሱ ከጥቂት ሺህ ዓመት አይበልጥም አለ፣ እልህ ተጋባን፣ አለቀ። ምድር ያን ሁሉ ዘመን ችላ ስትዞር እኛ አንድ ምሽት መቻቻል አቃተን። እዚህ የምጽፈው ከዚያ ወዲህ በብዙ ጭቅጭቅ የተማርኩትን ነው። ማንንም ከሃይማኖቱ ማስወጣት አልፈልግም፣ ማንንም ማስገባትም አልፈልግም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የምትከራከሩበትን ነገር ለዩት። ብዙ ሰው "ሳይንስ እንዴት ለሚለው፣ ሃይማኖት ለምን ለሚለው ይመልሳል" ብሎ ይገላገላል። አሜሪካዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ስቲቨን ጄይ ጉልድ በ1997 የጻፈው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ሁለቱም የየራሳቸው ግዛት አላቸው፣ አንዱ የሌላውን ድንበር አይገፋም የሚል ነው። ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን ሁልጊዜ አያስኬድም። ሃይማኖቶች እኮ ስለ ሕይወት ዓላማ ብቻ አይደለም የሚናገሩት፣ በዚህ ዓለም ላይ ተፈጽሟል ስለሚሉት ነገርም ይናገራሉ። ሳይንቲስቶችም ቢሆኑ አንዳንዴ መስበክ ያምራቸዋል። ስለዚህ እኔ የምጠቀመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ "ምን ባይ ነው ተሳስቻለሁ የምለው?"

ጥያቄውን መጀመሪያ ለራሳችሁ አቅርቡት። "እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ ሐሳቤን እቀይራለሁ" ካላችሁ፣ ነገሩ በማስረጃ የሚዳኝ ነው፤ ሂዱና ማስረጃውን እዩ። "ምንም ቢመጣ አልቀይርም" ካላችሁ ደግሞ የያዛችሁት እምነት ነው። እምነት መሆኑ ነውር የለውም። ሰው ሁሉ እኩል ክብር አለው የሚለውን እኔም በሚዛን መዝኜ አይደለም የተቀበልኩት። ብቻ ላብራቶሪ ያረጋገጠው አታስመስሉት።

ለዚህ የምወዳት አንዲት ታሪክ አለች። በ2011 ከጄኔቫ አጠገብ ካለው ሰርን የሚባል የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ወደ ጣልያኑ ግራን ሳሶ ላብራቶሪ፣ 730 ኪሎ ሜትር ያህል በመሬት ውስጥ የተላኩ ኒውትሪኖ የሚባሉ ደቂቅ ቅንጣቶች ከብርሃን ቀድመው የደረሱ መሰሉ። የቀደሙት በ60 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ገደማ ነው። ከብርሃን የሚፈጥን ነገር የለም ተብሎ ስለሚታመን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ግራ ገባቸው። ደጋግመው ፈተሹ፣ ምንም ስህተት አጡ፣ በመጨረሻ ውጤቱን አውጥተው ሌሎች እንዲመረምሩላቸው ጠየቁ። ወራት ቆይቶ ዋናው ጥፋት ተገኘ፤ በደንብ ያልተሰካ የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ነበር! አጎቴ "ሳይንስ ዛሬ ያለውን ነገ ይሽራል" ሲል እንደ ስድብ ነው የሚናገረው። እኔ ደግሞ የገመዷን ነገር ሳስብ፣ ሥራው እኮ ይኸው ነው እላለሁ።

ቀጥሎ ያለው ከበድ ይላል፣ በተለይ ከሳይንስ ወገን ነኝ ለምንለው። እናንተም በሰው ቃል ብቻ የተቀበላችሁት ነገር እንዳለ አትካዱ። እኔ የምድርን ዕድሜ ለክቼ አላውቅም። ያመንኩት አስተማሪ ስለነገረኝ ነው። አጎቴም ያመነው አስተማሪ ስለነገረው ነው። ታዲያ በምን እበልጠዋለሁ? መልሱን ለማግኘት ስል ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማንበብ ጀመርኩ። በ1956 ክሌር ፓተርሰን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከምድር ጋር በአንድ ዘመን እንደተፈጠረ ከሚታሰብ ሜትሮይት (ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ) ውስጥ እርሳስ የተባለውን ብረት ለክቶ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ላይ ደረሰ። ዩራኒየም ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ ይለወጣል፣ ፍጥነቱ ይታወቃል፣ ስለዚህ የእርሳሱን ዓይነትና መጠን ያወቀ ዕድሜውን ያሰላል።

ግን ፓተርሰን ናሙናውን ሊለካ ሲል ችግር ገጠመው። እርሳስ በየቦታው ነበር፤ በአየሩ፣ በዕቃው፣ በሰው ፀጉር ላይ ሳይቀር። ላብራቶሪውን እያጠበ፣ እየወለወለ ዓመታት ፈጀ። በኋላ ከዋና ዋናዎቹ ምንጮች አንዱ ቤንዚን ውስጥ የሚጨመረው እርሳስ መሆኑን ተረዳና በይፋ መናገር ሲጀምር ከእርሳስ የሚያተርፈው ኢንዱስትሪ ተነሳበት። ከዚህ ሁለት ነገር ያዝኩ። አንደኛ፣ በሳይንስ ሰፈርም ገንዘብ አፍ ያዘጋል፣ ሳይንቲስት መልአክ አይደለም። ሁለተኛ፣ የፓተርሰንን ቁጥር ያላመነ ሰው ሌላ ድንጋይ ይዞ፣ ሌላ አገር ሆኖ፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን፣ ያንኑ መለካት ይችላል። ከአጎቴ የሚለየኝ ይህ መንገድ ክፍት መሆኑ ብቻ ነው፤ እኔ ራሴ ግን አልሄድኩበትም። ይህን ካመናችሁ በኋላ ድምፃችሁ በራሱ ዝቅ ይላል።

ታሪክን እንደ ዱላ አትምዘዙ። ክርክር ሲሞቅ የጣልያናዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ የጋሊልዮ ስም መምጣቱ አይቀርም። በ1633 መሬት በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች በማለቱ ተፈርዶበት ቀሪ ዘመኑን በቤት እስር ማሳለፉ እውነት ነው። የካቶሊክ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ስህተት እንደነበር በይፋ የተናገሩትም በ1992 ነው፤ ዘገየ ቢባል ያንሳል። ነገር ግን ጋሊልዮ ዋና ማስረጃዬ ያለው፣ የባሕር ውሃ ከፍና ዝቅ የሚለው ምድር ስለምትንቀሳቀስ ነው የሚለው ክርክር ውሃ አያነሳም ነበር። ምድር ስትዞር የቅርብ ከዋክብት ከሩቆቹ አንጻር ቦታ የቀየሩ የሚመስሉበትን ለውጥ ለክቶ ለማሳየት እስከ 1838 መጠበቅ ግድ ሆኗል። በሌላ በኩል ጽንፈ ዓለም (ከዋክብቱ ሁሉ ያሉበት ጠፈር) እየሰፋ ነው የሚለውን ሐሳብ በ1927 ካቀረቡት አንዱ የካቶሊክ ቄስ ነበር፣ ቤልጂየማዊው ዦርዥ ለሜትር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1951 ይህ ግኝት ፍጥረትን የሚያረጋግጥ አስመስለው ሲናገሩ ለሜትር አልተደሰተም። ቄሱ ራሱ ሁለቱን አትቀላቅሉብኝ ነው ያለው። ዛሬ "ቢግ ባንግ (ከዚያ ሐሳብ የመጣው የጽንፈ ዓለም አጀማመር ንድፈ ሐሳብ) እኮ በመጽሐፉ ተጽፏል" የሚሉ ቪዲዮዎች ሲላኩላችሁ እሱን አስታውሱ፤ ንድፈ ሐሳቡ ነገ ቢሻሻል እምነታችሁን አብራችሁ ልታሻሽሉ ነው?

ሳይንስንም የማይችለውን አታሸክሙት። በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዳ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆማችሁ ታውቁ ይሆናል። ስክሪኑ የኦክስጅኑን መጠን ያሳያል፣ የልብ ምቱን ይቆጥራል። ሐኪሙ የመዳን ዕድሉን ሊነግራችሁ ይችላል። መሣሪያው ይነቀል ወይስ ይቆይ የሚለውን ግን ስክሪኑ ላይ አታገኙትም። እዚያ ላይ የሃይማኖት አባት የሚጠራ ሰው ሞኝ አይደለም።

አንድ ቦታ ግን ጨዋነት አያስፈልግም። ሰው በእምነት ስም መድኃኒት ሲያቋርጥ፣ በተለይ የልጅ መድኃኒት ከሆነ፣ ፍልስፍናውን ተዉትና በግልጽ ተናገሩ። ፈንጣጣ ከዓለም ጠፋ ተብሎ በ1980 የታወጀው በክትባት ነው። ይህን ስትሉ ጸሎቱን አታጣጥሉ፣ ያኔ ጆሮውን ይደፍናል። "ጸሎቱም ይቀጥል፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ" በሉ። ይህች አረፍተ ነገር ስትሠራ በዓይኔ አይቻለሁ።

እና ከቁጥሩ በታች ያለውን ስሙ። ከሁለት ወር በኋላ አጎቴ ጋ ሄድኩ። ስለ ምድር አላነሳሁም፤ ያንን ማን እንዳስተማረው ጠየቅኩት። አባቱ ነበሩ። ማታ ማታ እያነበቡለት፣ በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ። "አንተ ያን ቀን ስትስቅ አባቴን ውሸታም ያልከው መሰለኝ" አለኝ። ስለ ዩራኒየም አንድም ቃል አልነበረም ጠቡ ውስጥ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለና "እስቲ ያ ሰውዬ እርሳሱን እንዴት ነው የለካው?" አለ። ወረቀት አውጥቼ ሳልኩለት። መጨረሻው ላይ ራሱን ነቀነቀ፣ አላመነም። ወረቀቱን ግን አጥፎ መጽሐፉ ውስጥ ከተተው።