የስምጥ ሸለቆን ዜና ስናነብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በ2017 ዓ.ም. አዋሽ አቅራቢያ ባሉት ፈንታሌና ዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬት ለወራት ሲንቀጠቀጥ ስልካችንም አብሮ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ከሚላላከው ወሬ ብዙው እነዚህን ስህተቶች የያዘ ነበር።

«አፍሪካ ልትከፈል ነው» ብሎ መደንገጥ። የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የሚሰፋው በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ባሕር እስኪሆን ሚሊዮኖች ዓመታት ይቀሩታል።

ቀስ ይላል ብሎ መዘናጋት። ይሄኛው ከፊተኛው ይብሳል። መሬቱ በየዓመቱ እኩል አይከፈትም። ለዘመናት ሲወጠር ይቆይና ቅልጥ አለት ከሥር ሰርጎ ሲገባ በአንዴ ይላቀቃል። መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ የሆነው ይህ ነው። 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ ከመሬት በታች በቅልጥ አለት ተሞላ፤ በሳምንታት ውስጥ መሬቱ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፈተ። ይህን የለካው ኤንቪሳት የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ነው፤ ከክስተቱ በፊትና በኋላ ያነሳቸው የራዳር ምስሎች ተነጻጽረው። የሚገርመው ላይ ላዩን የታየው ትንሽ መሆኑ ነው። በደመራው ዕለት እዚያው ዳባሁ አጠገብ፣ ዳኡሬ በተባለ ቦታ ላይ 500 ሜትር ያህል የሚረዝም አፍ ተከፍቶ አመድ ተፋ። አብዛኛው ቅልጥ አለት ግን ጭራሽ አልወጣም። የፈንታሌውም ዓይነቱ ያው ነው፣ ያውም ምንም ሳይፈነዳ።

የጨሰውን ሁሉ እሳተ ገሞራ ማለት። ታኅሣሥ 2017 ዶፈን ላይ የወጣው እንፋሎት፣ አቧራና ድንጋይ ነበር፤ ላቫ አልነበረም። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፍዴራ አካባቢ ሃይሊ ጉቢ የተፋው ግን እውነተኛ ፍንዳታ ነው። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ አልፎም ህንድ ደርሷል። ሁለቱን አንድ ታሪክ አድርገው የሚያወሩ አሉ፤ ቦታቸው እንኳ በጣም ይራራቃል።

የመሬት መንቀጥቀጡን መጠን የሚያሳየውን ቁጥር እንደ ፈተና ውጤት ማንበብ። ከ5 ወደ 6 ሲኬድ ልዩነቱ አንድ ብቻ ይመስላል። የሚለቀቀው ጉልበት ግን 32 እጥፍ ገደማ ነው። ደግሞ ኮንዶሚኒየም ላይ አምፖሉ ሲወዛወዝ ያየ ሰው «5.7 አዲስ አበባ ደረሰ» ይላል። 5.7 የሚለካው መነሻው ላይ የተለቀቀውን ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው እንደ ርቀቱ፣ እንደ አፈሩና እንደ ፎቁ ይለያያል።

የኬንያውን ፎቶ ማጋራት። በ2018 እ.ኤ.አ. ናሮክ መንገድ ላይ የታየው ገደል አሁንም «አፍሪካ ስትሰነጠቅ» ተብሎ ይዞራል። ብዙ ጂኦሎጂስቶች ያኔውኑ ከባድ ዝናብ ልሉን የእሳተ ገሞራ አፈር ጠርጎት ነው ብለዋል።

«የልብ ምት» የሚለውን ቃል በቃል መውሰድ። በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የተመራ ጥናት ከአፋርና ከዋናው ስምጥ ሸለቆ የተሰበሰቡ ከ130 በላይ አለቶችን መርምሮ፣ ከአፋር ሥር ትኩስ አለት በምት በምት እንደሚወጣ አሳየ። ዜናው የቀለጠ ባሕር አስመሰለው። ያ አለት በአብዛኛው ጠጣር ነው፤ እጅግ ቀስ ብሎ ይፈሳል። ሰዓት ተይዞ የሚቆጠር ምትም አይደለም።

ሰዓት የተቆረጠለትን ትንቢት ማመን። «ዛሬ ማታ 5 ሰዓት ላይ ትልቅ ይመጣል» የሚል መልእክት ከየትም ይምጣ ውሸት ነው። ቀኑንና ሰዓቱን የሚያውቅ አገር የለም፣ ጃፓንም ብትሆን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ሊቀጥል ይችላል፣ ላይቀጥልም ይችላል» ሲሉ ሰው ይናደዳል። ግን እውነተኛው መልስ ያ ነው።